የሞተ ሥጋን ከቁስል ማንሳት፦ ነርሶች ምን ይሠራሉ? ማስረጃውስ ምን ይላል?

ጥቁር አንበሳም ሆነ ስድስት ኪሎ ባለው የካቲት 12 ሆስፒታል፣ የቁስል እንክብካቤ የዕለት ሸክም በአብዛኛው የነርሶች ነው። በስኳር ሕመም የቆሰለ እግር፣ ቃጠሎ፣ ብዙ ተኝቶ የከረመ ሰው የጀርባ ቁስል ሁሉ በእጃቸው ያልፋል። ቁስሉ ላይ ብዙ ጊዜ ቢጫና የሚያጣብቅ፣ ወይም ጥቁርና ደረቅ የሞተ ሥጋ ተለጥፎ ይገኛል። እሱ እያለ ቁስል ለመዳን ይቸገራል። ለጀርም መራቢያ ይሆናል፣ የቁስሉንም ጥልቀት ይሸፍናል።

ከማንሳቱ በፊት ግን አንድ ጥያቄ አለ፦ እግሩ ላይ ደም በደንብ ይደርሳል? ነርሷ የእግር ጀርባና ከቁርጭምጭሚት በስተኋላ ያለውን የደም ምት ትፈትሻለች። ደም የማይደርሰው ተረከዝ ላይ ያለ ደረቅ፣ ጥብቅ ብሎ የተያዘ ጥቁር ቅርፊት፣ መቅላት፣ እብጠትና መግል ከሌለው አይነካም። ደረቅ እንደሆነ ይጠበቃል፣ ተረከዙም ከፍራሹ ከፍ ይላል። ይህን ማወቅ እግር ያድናል።

በየቦታው የተለመደው እርጥብ ጎዝ (ስስ የቁስል ጨርቅ) አድርጎ ሲደርቅ መንጨት ነው። ርካሽ ነው፤ ግን ከሞተው ጋር አዲስ የበቀለውን ሥጋም ይነቅላል፣ በጣምም ያማል። ጆርጅ ዊንተር የተባለ ተመራማሪ በ1962 እ.ኤ.አ. በአሳማ ላይ ባደረገው ጥናት፣ እርጥበቱ የተጠበቀለት ቁስል በፍጥነት ቆዳ እንደሚያለብስ አሳይቷል። ከጎዝ ሌላ ከሌለ፣ ቢያንስ ከመነሳቱ በፊት በሳላይን (ንጹሕ የጨው ውሃ) ይራስ።

እርጥበት የሚይዝ መሸፈኛ ሰውነት ራሱ የሞተውን እንዲያሟሟ ይረዳል። ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይወስዳል፤ ለተመረዘ ቁስል ብቻውን አይበቃም። የሕክምና ማርም በዚሁ መንገድ ይሠራል። የቤት ማር ግን ጀርም ሊኖርበት ስለሚችል ቁስል ላይ አይደረግም። እናቶቻችን ቢያደርጉትም፣ እኔ አልመክርም።

የሞተውን ሥጋ እንዲበሉ በንጹሕ የተረቡ የዝንብ እጮችን መጠቀምም አለ። በእንግሊዝ 267 የእግር ቁስለኞች ላይ ተሠርቶ በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት፣ እጮቹ እርጥበት ከሚሰጥ የቁስል ጄል ይልቅ ቁስሉን ቶሎ እንዳጸዱ፣ ግን ቁስሉ ቶሎ እንዳልዳነና ሕመሙም እንደባሰ አሳይቷል። ቶሎ መጽዳት ቶሎ መዳን ማለት አይደለም። ዘዴ ሲመረጥ ይህ መዘንጋት የለበትም።

በምላጭና በመቀስ መቁረጥ የሠለጠነ ሰው ይፈልጋል። ነርሷ የምታነሳው በግልጽ የሞተውን ብቻ ነው። ሲደማ፣ በሽተኛው ሲያመው ወይም ጅማትና አጥንት ሲታይ ታቆማለች። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ መሆኑን ቀድማ ትጠይቃለች። ማስታገሻ መሥራት እስኪጀምር ጊዜ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ከፋሻ መቀየሩ ቀደም ብሎ ይሰጥ። ይህ ለበሽተኛው የሚደረግ ውለታ ሳይሆን የሥራው አካል ነው። መቅላቱ ከተስፋፋ፣ ትኩሳት ወይም መጥፎ ሽታ ከመጣ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ይጠራል።