«እሹሩሩ» ስድብ የሆነው መቼ ነው?

ባለፈው እሁድ ጎረቤት ቡና ተጠርቼ ሄድኩ። ጅማ ውስጥ ቡና ተጠርቶ መቅረት ነውር ነው። ዝናብ ምክንያት አይሆንም፤ ዝናብማ ሁልጊዜ አለ። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሳይቀዳ ወሬው ወደ ልጆች ዞረ። የቤቱ አባወራ ገና ወጣት ነው። የ8 ዓመት ልጁ ዘንድሮ ወፍሯል፤ አምና የተገዛለት ሱሪ ሁሉ እምቢ ብሏል።

«እትዬ፣ ጥፋቱ የእናቱ ነው» አለኝ። «እሹሩሩ እያለች እኮ ነው እንዲህ ያደረገችው። ከነገ ጀምሮ እሹሩሩ የለም! ከሌሊቱ 11 ሰዓት ቀስቅሼ አስሮጠዋለሁ።»

እናቱ ፍሙ ላይ ዕጣን እየጨመረች ዝም አለች። ልጁ ጥግ ይዞ ስልክ ላይ አቀርቅሯል። ስንት ሰዓት እንደሚተኛ ጠየቅኩ።

«እሱ? ባትሪው ሲያልቅ ነዋ!» ብሎ ሳቀ አባትየው። «4 ሰዓት፣ 5 ሰዓት...»

በልቤ ቆጠርኩ። ከምሽቱ 5 እስከ ሌሊቱ 11። 6 ሰዓት። ለ8 ዓመት ልጅ! ልናገር አፌን ከፈትኩና ተውኩት። በረካው ሳይጠጣ አባወራን በቤቱ መቆጣት ደግ አይደለም። ስለዚህ እዚህ ልቆጣ።

እሹሩሩ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም አላስረዳም። አማርኛ የሚናገር ሁሉ ወይ ተብሎለታል፣ ወይ ብሏል። የሚገርመኝ ቃሉ ዛሬ የደረሰበት ቦታ ነው። የስፖርት ጋዜጠኛው «አሰልጣኙ ተጫዋቹን እሹሩሩ እያለው ነው» ይላል። አለቃ «እዚህ መሥሪያ ቤት እሹሩሩ የለም» ብሎ ስብሰባ ይከፍታል። ብድር ያልከፈለ ነጋዴ እሹሩሩ ተባለ ይባላል። ማሞላቀቅ ሆኗል ማለት ነው። ጥፋትን አይቶ ማለፍ፣ ሰውን አለስልሶ ማበላሸት። እንዲህ የሚል ሰው ልጅ አዝሎ አስተኝቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። ወገቡ ይነግረው ነበር።

እኔ ያደግኩት ከጅማ በአጋሮ መንገድ ወጣ ባለ መንደር፣ አያቴ ቤት ነው። እምዬ እንላት ነበር። ታናሽ ወንድሜ ሲወለድ 7 ዓመቴ ነበር። ጥቂት ወራት እንደሞላው የቡና ለቀማ ደረሰ። ኅዳር ነው። እናቴ ከንጋት እስከ ምሽት ቡና ውስጥ ትውላለች፤ ለማጥባት ብቻ ብቅ ትላለች። ወንድሜ ከእምዬ ጀርባ አይወርድም።

የእምዬ አንቀልባ የፍየል ቆዳ ነበር። በቅቤ ታሽቶ ታሽቶ የለፋ፣ ጠርዙ ላይ ዛጎል የተደረደረበት። እናቴ ታዝላበታለች፤ አጎቶቼ ታዝለውበታል፤ እኔም እንደዚያው። ሽታው ዛሬም አፍንጫዬ ላይ አለ። ቅቤ፣ ጭስ፣ ወተት፣ ትንሽም ሽንት። ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው ይባል የለ?

ማዘል ራሱን የቻለ ሙያ ነው። እምዬ ጎንበስ ትላለች። ሕፃኑን በብብቷ አሾልካ ጀርባዋ ላይ ታስተኛዋለች። አንቀልባውን ከላይ ትደርብበታለች። ጠፍሩን በደረቷ አቋርጣ፣ አዙራ ትቋጥራለች። ከዚያ አንድ ጊዜ እመር ትልና ታመቻቸዋለች። ያኔ ዛጎሎቹ ይንሿሿሉ። ወንድሜ ያንን ድምፅ ሲሰማ ግማሽ ተኝቷል ማለት ነው።

ቀጥሎ እሹሩሩ ይመጣል። ቁጭ ብላ እንዳይመስላችሁ። ሥራ ላይ ናት። የተለቀመው ቀይ ቡና ግቢው ውስጥ ሰሌን ላይ ተሰጥቷል። ደርቆ ጀንፈል እስኪሆን በየጊዜው መገላበጥ አለበት። ዶሮዎች ደግሞ አሉ። ቡናውን አይበሉትም፤ ግን ጭረው ጭረው ጭቃው ውስጥ ይበትኑታል። እምዬ በአንድ እጇ ረጅም ሸምበቆ ይዛ «እሽ! እሽ!» ትላለች። በሌላው እጇ ከኋላ የሕፃኑን ቂጥ መታ መታ ታደርጋለች። ወገቧ ግራ ቀኝ ይወዛወዛል። እሽ... ሩሩ። እሽ... ሩሩ።

እንግዲህ የቃሉ ምንጭ እዚህ ነው ባይ ነኝ። «እሽ» የዶሮዎቹ ነው፤ «ሩሩ» የልጁ። ሁለት ሥራ በአንድ እስትንፋስ። የልጅ ልጅ ይዛ ስጥ የጠበቀች ሴት የፈጠረችው ቃል ነው። አስተማሪ የሆነ የወንድሜ ልጅ በዚህ ይስቅብኛል። «አክስቴ፣ ቡና በማይሰጣበት አገርስ?» ይለኛል። እዚያስ ጤፍ አይሰጣም? ዶሮ የለም? ብቅል የሚያሰጣ ሰው ጠፍቷል? መልስ የለውም።

«ሩሩ»ን ደግሞ ከግዕዙ «ርኅሩኅ» ጋር ሳላዛምድ አልተኛም። ሩኅሩኅ። ሌሊቱን ሙሉ ልጅ ስታባብል ያደረች ሴት ይህን ቃል አሥር ጊዜ ትበለው፤ አሥራ አንደኛው ላይ «ሩሩ» ይሆናል። ሞክሩት።

ግን ሌላም ነገር አለ፤ ይህኛው የጅማ ልጅ ስለሆንኩ ብቻ የመጣልኝ ነው። ከአጥር ማዶ አኮ የምንላቸው ነበሩ፤ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። እሳቸው የልጅ ልጃቸውን ሲያስተኙ «ኡሩሩ» ነበር የሚሉት። እያዜሙ ማስተኛቱም «ኡሩርሱ» ይባላል። እምዬ ሲደክማት ወንድሜን በአጥሩ ላይ ታቀብላቸዋለች። እሹሩሩ ተብሎ የተጀመረ እንቅልፍ በኡሩሩ ያልቃል። ማን ከማን ወሰደ? እኔን ከጠየቃችሁኝ ለሁለቱም ያስተማራቸው ሕፃኑ ነው። እንቅልፍ ሊወስደው ሲል የሚያሰማውን ማጉረምረም ስሙት። «ሩ» አለበት።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። እሹሩሩ ላይ የሚዜመው ነገር አስተውላችሁት ታውቃላችሁ? ስለ እንቅልፍ ብዙም አያወራም። ስለ ምግብ ነው። እናት ትመጣለች፣ ወተት ይመጣል፣ ዳቦ ይመጣል። ልጅ ሆኜ ይህ ግራ ያጋባኝ ነበር። ታዲያ ለምን አሁን ዳቦውን አትሰጪውም ብዬ እምዬን ጠየቅኳት።

«ልጅ እንቅልፉንና ርሃቡን አይለይም» አለችኝ። «ሲደክመውም አፉን ነው የሚከፍት።»

ስለዚህ ጠብቶ የጠገበ ልጅ ሲነጫነጭ ሌላ አታጎርሰውም። አዝላ ታስተኛዋለች። ነቅቶ ሲንጠራራ «እደግ! እደግ!» ትለዋለች። ተኝቶ ሳለ መቀስቀስማ አይታሰብም። እንግዳ ቢመጣ ይጠብቃል። እኛም ትልልቆቹ ብንሆን ከራት በኋላ ብዙ አንቆይም። ኩራዙ በጊዜ ይጠፋል። ለጤናችን ታስቦ አይደለም፤ ጋዝ ውድ ስለሆነ ነው። ጅብ መጮህ ሲጀምር ግን ሁላችንም ተኝተናል።

እምዬ ፊደል አልቆጠረችም። አሜሪካ ውስጥ ግን የእሷን ነገር በሚዛን የፈተኑት ሰዎች አሉ። ከ8 እስከ 11 ዓመት የሆናቸውን 37 ልጆች ወሰዱ። ልክ እንደ ጎረቤቴ ልጅ። አንድ ሳምንት በየሌሊቱ ከወትሮው አንድ ሰዓት ተኩል ጨምረው እንዲተኙ፣ ሌላ ሳምንት ደግሞ አንድ ሰዓት ተኩል ቀንሰው እንዲተኙ አደረጉ። አመጋገባቸውን መዘገቡ። ብዙ በተኙበት ሳምንት ልጆቹ በቀን በአማካይ 134 ካሎሪ ያነሰ በሉ። ይህ ወደ አንድ ትንሽ ጠርሙስ ለስላሳ ይጠጋል። ክብደታቸውም በ0.22 ኪሎ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ብሉ ያላቸው የለም፤ አትብሉ ያላቸውም የለም። የተለወጠው እንቅልፉ ነው። ጥናቱ በ2013 በአውሮፓ አቆጣጠር ታትሟል፤ ከዚህ በኋላ የማነሣቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።

አንድ ሳምንት አጭር ነው የሚል ካለ ደግሞ ኒውዚላንድ፣ ዱኔዲን ይሂድ። እዚያ በ1972 እና 1973 የተወለዱ ወደ አንድ ሺህ ሰዎች ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ክትትል እየተደረገላቸው አድገዋል። ከ5 እስከ 11 ዓመታቸው ድረስ አልጋ ላይ የሚያሳልፉት ሰዓት ይጠየቅ ነበር። 32 ዓመት ሲሞላቸው ሲመዘኑ፣ በልጅነታቸው ትንሽ ይተኙ የነበሩት በአማካይ ከቁመታቸው አንጻር ከበድ ብለው ተገኙ። ቴሌቪዥን ማየቱም፣ የወላጅ ውፍረትም፣ የቤተሰብ ኑሮም ተቆጥሮ ነው ይህ።

አዋቂዎች ላይ የተሠራም አለ። በ2004 የወጣ ጥናት ነው። 12 ጤነኛ ወጣት ወንዶች ለሁለት ሌሊት 4 ሰዓት ብቻ ተኙ፤ በሌላ ጊዜ 10 ሰዓት አልጋ ላይ ቆዩ። ባነሰው እንቅልፍ ጊዜ፣ ጠገብኩ የሚለው ሌፕቲን የተባለ ሆርሞን በ18 በመቶ ወረደ። ራበኝ የሚለው ግሬሊን ደግሞ በ28 በመቶ ወጣ። ሲደክመው አፉን ይከፍታል ያለችው ይህንን አይደል?

«እደግ» ማለቷም በከንቱ አልነበረም። የእድገት ሆርሞን በብዛት የሚመነጨው ልጅ ከተኛ በኋላ፣ ጥልቁ እንቅልፍ ላይ ነው። እምዬ ምርቃቱን የምትለው ሥራው ካለቀ በኋላ መሆኑ ነው።

ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት መተኛት አለበት ብለው የአሜሪካ የእንቅልፍ ሐኪሞች በ2016 ተስማምተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በ2019 ለ3 እና 4 ዓመት ልጆች ከ10 እስከ 13 ሰዓት አለ፤ የቀን እንቅልፉን ጨምሮ። አባቱ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ቀስቅሶ ካስሮጠው የጎረቤቴ ልጅ የሚተኛው 6 ሰዓት ነው። ትንሹ ልክ ላይ እንኳ ለመድረስ 3 ሰዓት ይጎድለዋል።

እንቅልፍ ብቻውን ያከሳል አላልኩም። ለስላሳው አለ፤ ብስኩቱ አለ፤ ግቢው ተዘግቶ ኳስ የሚመታበት መጥፋቱ አለ። የሚያንኮራፋ ወፍራም ልጅ ካላችሁም አትሳቁበት፤ ሐኪም ይየው። 10 ሰዓት ተኝቶ ትንፋሹ እየተቆራረጠ ሊያድር ይችላል። ደግሞም ሚዛን ሁሉን አይናገርም። እዚሁ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከ2008 ጀምሮ የተወለዱ ሕፃናትን ስባቸውን ለብቻ፣ ስብ ያልሆነውን ለብቻ እየለኩ ሲከታተሉ የኖሩ ተመራማሪዎች አሉ። ሕፃኑን የሚያስገቡበት መስታወት ያለው ማሽን አላቸው። እምዬ ብታየው «ምነው፣ ጀርባ ጠፋ?» የምትል ይመስለኛል።

ንዴቴ ግን ቃሉ ላይ ነው። እሹሩሩ ልጅን ማቅበጥ ቢሆን ኖሮ፣ ሲነጫነጭ ዳቦውን እጁ ላይ ማድረግ ነበር እሹሩሩ። ዛሬ የምናደርገው እሱን ነው። አለቀሰ፣ ብስኩት። አለቀሰ፣ ስልክ። ከዚያ ልጁ ሲወፍር «እሹሩሩ ብለሽው ነው» እንላለን። ኧረ እሹሩሩ ያለው ማን አለ? ማን አዘለ? ማን መብራት አጠፋ? የሌለን ነገር ጥፋተኛ አድርገን ቁጭ! አሰልጣኙም ተጫዋቹን እሹሩሩ ካለው ደግ አደረገ፤ ተኝቶ ያደረ ተጫዋች ይሮጣል።

ማክሰኞ ቡና እኔ አፈላሁና ጠራኋቸው። በረካው ካለቀ በኋላ ያሰብኩትን ሁሉ አወጣሁት። አባትየው ተከራከረኝ።

«ሩጫውስ ታዲያ፣ እትዬ?»

«ከትምህርት ቤት መልስ ይሩጣ! ፀሐይ እያለ።»

«ማታ እንቢ ይላል። አይተኛም።»

«አንተስ ስንት ሰዓት ነው ስልክህን የምትጥለው?»

ሳቀ፤ ጭንቅላቱን አከከ። ሚስቱ ሲኒ እያቀበለችኝ አልሳቀችም። ሲወጡ ወደ ኋላ ቀረት አለችና የስልክ ቻርጀር ከቦርሳዋ አውጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። ይኸው እስከዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ልጁ ሁለት ጊዜ ሊጠይቀኝ መጥቶ ነበር። ዳቦ ሰጥቼ መለስኩት።