ቦልድ ራውንድድ ፎንት ምንድን ነው?

ጎንደር ፒያሳ ላይ ቆም በሉና ታፔላዎቹን እዩ። ወፍራም፣ ጫፉ የተድቦለቦለ፣ ሹል ነገር የሌለበት ጽሑፍ ዓይናችሁ ውስጥ ይገባል። ጁስ ቤትም መዋዕለ ሕፃናትም ይወዱታል፤ ፊቱ ፈገግ ያለ ነው።

ሙሉ ስሙ ረጅም ነው፦ ቦልድ ራውንድድ ጂኦሜትሪክ ሳንስ ሰሪፍ። ሰሪፍ በላቲን ፊደል ጫፍ ላይ የምትወጣ ትንሽ ጭረት ናት፤ ሳንስ በፈረንሳይኛ "አልባ" ማለት ነው። ጂኦሜትሪክ የሚባለው መሠረቱ ክብና አራት ማዕዘን ስለሆነ ነው። የዚህ ቤተሰብ ዝነኛው እ.ኤ.አ. በ1927 የወጣው የጀርመናዊው ፖል ሬነር ፉቱራ ነው። ራውንድድ ጫፉ መድቦልቦሉን፣ ቦልድ ውፍረቱን ይናገራል። ከድቡልቡሎቹ የታወቀው ቫግ ራውንድድ እ.ኤ.አ. በ1979 ለፎልክስዋገን ተሠራ፤ በኋላ የአፕል ኪቦርድ ላይ ለዓመታት ኖረ።

በኮምፓስ ብቻ የሚሳል ይመስላል። አይደለም። ዐ ከበ ጋር እኩል ቁመት ከሰጣችሁት አንሶ ይታያል፤ ስለዚህ ትንሽ ይተልቃል። አግድም መስመርም ለዓይን ስለሚወፍር ከቋሚው ቀጠን ይደረጋል።

ለእኛ ፊደል ሲሆን ነገሩ ይከብዳል። ወፍራም ፊደል ለጎንደር እንግዳ አይደለም፤ ጉልሕ የሚባለው ትልቁ የብራና አጻጻፍ የዳበረው እዚሁ በነገሥታቱ ዘመን ነው። ግን ጸሐፊው በመቃ ብዕር ሲጽፍ ቋሚው ይወፍራል፣ አናባቢውን የምታሳየው ትንሿ ቅጥያ ቀጭን ትቀራለች። በራውንድድ ቦልድ ሁሉም መስመር ለዓይን እኩል ይወፍራል። ቅጥያዋም አብራ ታብጣለች።

የአክስቴ ልጅ ዳቦ ቤት ሲከፍት ታፔላውን በዚህ ፎንት አሠራነው። ኮምፒውተሩ ላይ ያምር ነበር። ተሰቅሎ ከመንገዱ ማዶ ስናየው "ዳቦ ቢት" ይላል! የቤ ቀለበት ውስጧ ተደፍኖ የቢ ጭረት መስላለች። በጣም አዘንኩ፤ ገንዘቡም ወጥቷል። የላቲን ፊደል ቢደፈን ብዙ ጊዜ ከቅርጹ ይታወቃል። የእኛ ግን አናባቢው በአብዛኛው ያለው እዚያች ቅጥያ ላይ ነው፤ እሷ ከጠፋች ቃሉ ጠፋ።

ጥሩ ዲዛይነር ቀለበቷን ሰፋ፣ መስመሯን ሳሳ ያደርጋል፤ በፊደላቱ መካከልም አየር ይተዋል። እንዲህ የተሠራ ከሆነ ለታፔላ፣ ለሎጎ፣ ለባነር፣ ለልጆች መጽሐፍ ሽፋን እሰየው። ለረጅም ጽሑፍ ግን አታስቡት፤ ገጹ ይጠቁርና ዓይን ይደክማል።

ማተሚያ ቤት "እሺ" ከማለታችሁ በፊት ዲዛይኑን ስልካችሁ ላይ ክፈቱ። ጽሑፉ የጥፍር ያህል እስኪሆን አሳንሱትና አንድ ልጅ ጮክ ብሎ ያንብበው። ቤን ቢ ካለ፣ አንድ ደረጃ ቀጠን ያለውን ውሰዱ።