ልጅ የሌላቸው ጥንዶች ለጡረታ ቦታ ሲመርጡ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እኔና ባለቤቴ ልጅ የለንም። ጡረታ ለመውጣት ጥቂት ዓመት ቀርቶናል። ሌላ ቦታ ሄደን የመኖር ሐሳብ እንዳለን የሰማ ሰው ሁሉ የሚለን አንድ ነው፦ «እናንተማ ታድላችሁ! ምን ያስራችኋል? ደስ ያላችሁ ቦታ ሄዳችሁ ኑሩ።»

እኛም መጀመሪያ ላይ እንዲያ መስሎን ነበር። ማታ ማታ ካርታ ዘርግተን በሐሳብ ባሕር ዳርቻ፣ ተራራ ሥር፣ ደሴት ላይ ስንኖር ከረምን። ጠጋ ብለን ስናየው ግን ከሚሰጠን ምክር ብዙው ለሌላ ሰው የተሰፋ ልብስ ሆኖ አገኘነው። ደጋግመው የነገሩንን እነሆ።

«ልጅ ከሌለ የትም መሄድ ይቻላል»

ግማሹ እውነት ነው። የልጅ ትምህርት ቤት አይዘንም፣ የልጅ ልጅ ናፍቆት አይጎትተንም። ነገር ግን ልጅ ያላቸው አረጋውያን ብዙም ሳያስተውሉት የሚያገኙት አገልግሎት አለ። ሐኪም ቤት ይዟቸው የሚሄድ ሰው አላቸው። የባንክ ደብዳቤ ሲመጣ አንብቦ የሚያስረዳቸው አላቸው። ስልክ ሳያነሱ ሲቀሩ «ምን ሆነው ነው?» ብሎ በር የሚያንኳኳ አላቸው። እኛ ይህን ሁሉ ማግኘት ያለብን ከሰፈሩ ሰውና ከወረቀት ነው። ወረቀት ስል ውክልናና ኑዛዜ ማለቴ ነው። እሱን ቆየት ብዬ አነሳዋለሁ።

ከዚህ ሌላ ማንም ማንሳት የማይወደው ጥያቄ አለ። ሁለታችንም በአንድ ቀን አንሞትም። በዓለም ደረጃ ሴቶች ከወንዶች በአማካይ 5 ዓመት ያህል አብልጠው ይኖራሉ። ባል በዕድሜ የሚበልጥ ከሆነ ደግሞ ልዩነቱ ይሰፋል። ስለዚህ ቦታው የሚመረጠው አሁን 60 ዓመት ለሞላቸው ለሁለቱ ብቻ አይደለም። በ80 ዓመቷ ብቻዋን ለምትቀረውም ነው፤ ወይም ብቻውን ለሚቀረው።

ይህን ለባለቤቴ ሳነሳለት «እስቲ መጀመሪያ እራታችንን እንብላ» አለኝ። ሳምንት ቆይቶ ግን ራሱ አነሳው። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን ቦታ የምንመዝነው «አንዳችን ብንቀርስ?» እያልን ነው። ስንት ቆንጆ ቦታ በዚህች ጥያቄ ወደቀ መሰላችሁ!

«አየሩ ጥሩ ከሆነ ደስታው ይከተላል»

እ.ኤ.አ. በ1998 ዴቪድ ሽኬድና ዳንኤል ካህነማን የተባሉ ተመራማሪዎች አንድ ጥናት አሳተሙ። ካህነማን በኋላ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ነው። ወደ 2,000 የሚጠጉ ተማሪዎችን ጠየቁ። ግማሾቹ ፀሐያማዋ ካሊፎርኒያ፣ ግማሾቹ ክረምቱ በሚከብደው የአሜሪካ መካከለኛ ምዕራብ የሚኖሩ ነበሩ። ሁለቱም ወገኖች «የካሊፎርኒያ ሰው የበለጠ ደስተኛ ነው» ብለው ገመቱ። ስለ ራሳቸው ሕይወት ሲጠየቁ ግን በእርካታቸው ልዩነት አልታየም። ሰው ቦታ ሲያወዳድር ዓይን ላይ የሚወድቀውን አንድ ነገር አግዝፎ ያያል። ከሄደ በኋላ ግን ቀኑን የሚሞሉት ሌሎች ነገሮች ናቸው፦ እንቅልፍ፣ የጉልበት ሕመም፣ የጎረቤት ጠባይ።

ይህ ማለት አየር ለውጥ አያመጣም ማለት አይደለም። ለጤና ያመጣል። ዕድሜ ሲገፋ የጥም ስሜት ይደክማል፣ ላብም እንደ ድሮው አይወጣም፤ ስለዚህ ሙቀት ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2003 በፈረንሳይ የተነሳው ሙቀት 15,000 ያህል ሰው ገድሏል። አብዛኞቹ አረጋውያን ነበሩ፤ ብዙዎቹም ብቻቸውን የሚኖሩ። ከፍታም እንዲሁ ነው። 2,500 ሜትር ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ልብ ወይም ሳንባ ለደከመበት ሰው ይህ ቀልድ አይደለም። ሐኪምን መጠየቅ ያለብን ቤት ከመምረጣችን በፊት ነው።

«ሰው 100 ዓመት ወደሚኖርበት ደሴት ብንሄድስ?»

የጃፓኗ ኦኪናዋ፣ የጣሊያኗ ሰርዲኒያ፣ የግሪኳ ኢካሪያ… ዝርዝሩን ሰምታችኋል። ሳውል ኒውማን የተባለ ተመራማሪ የእነዚህን ቦታዎች መዝገብ ሲመረምር ብዙዎቹ የዕድሜ ባለጸጎች የልደት ማስረጃ በደንብ ካልተያዘበት ቦታ የመጡ መሆናቸውን አሳይቷል። በዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2024 ኢግ ኖቤል የተባለውን፣ መጀመሪያ ለሚያስቅ ከዚያም ለሚያሳስብ ምርምር የሚሰጠውን ሽልማት አግኝቷል። ክርክሩ አላለቀም። ግን ክርክሩ ቢያልቅም፣ እዚያ የተወለደና ዕድሜውን ሙሉ ከዘመዶቹ ጋር የኖረ ሰው ያገኘውን፣ በ62 ዓመቱ ሻንጣ ይዞ የሚደርስ እንግዳ ያገኘዋል ብዬ አላምንም።

«ርካሽ አገር ከሄድን ጡረታችን ይተርፈናል»

ሊተርፍ ይችላል። ግን ሰው የሚያሰላው ኪራይና አስቤዛ ነው። የሚያስለቅሰው ሌላው ነው።

አንደኛ፣ ጡረታው ራሱ። የብሪታኒያን መንግሥታዊ ጡረታ እንውሰድ። ጡረተኛው ካናዳ ወይም አውስትራሊያ ከኖረ በየዓመቱ የሚደረገው ጭማሪ አይደርሰውም፤ ሲጀምር የነበረው ክፍያ እንዳለ ይቀጥላል። ፈረንሳይ የሚኖረው ግን ጭማሪውን ያገኛል። አገር በመምረጥ ብቻ በ20 ዓመት ውስጥ የሚፈጠረውን ልዩነት አስቡት።

ሁለተኛ፣ ሕክምና። ሜዲኬር የተባለው የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን ከጥቂት ሁኔታዎች በስተቀር ከአሜሪካ ውጭ ለሚደረግ ሕክምና አይከፍልም። የግል የጤና መድን ደግሞ ዕድሜ በጨመረ ቁጥር ይወደዳል፤ አንዳንዱ ከተወሰነ ዕድሜ በላይ አዲስ ደንበኛ አይቀበልም። ይህን በ60 ዓመት ሳይሆን በ75 ዓመት ሒሳብ መሥራት ነው።

ሦስተኛ፣ ግብር። ብዙ አገሮች በዓመት ከ183 ቀን በላይ የቆየን ሰው ግብር ከፋይ ነዋሪ አድርገው ይቆጥሩታል። አሜሪካ ደግሞ ዜጋዋን የትም ቢኖር ትከተለዋለች። በዚህ ላይ ጡረታው በአንድ ገንዘብ ገብቶ ወጪው በሌላ ገንዘብ ከሆነ፣ የምንዛሪ ተመን አለቃችሁ ይሆናል።

«የመኖሪያ ፈቃዱ አንዴ ከተገኘ አለቀ»

አላለቀም። ማሌዥያ ለውጭ ጡረተኞች ተወዳጅ የነበረውን የረጅም ጊዜ ቪዛዋን እ.ኤ.አ. በ2021 ስታሻሽል የሚጠየቀውን ወርሃዊ ገቢ በአንድ ጊዜ አራት እጥፍ አደረገችው። በ2024 እንደገና ቀየረችው። ፖርቱጋል ከ2009 ጀምሮ የውጭ ጡረተኞችን ስትስብበት የነበረውን የግብር እፎይታ ከ2020 ጀምሮ አዲስ ለሚገቡ ሰዎች ቀነሰች፤ በ2024 ደግሞ በሩን ዘጋችው። መንግሥታት ይቀያየራሉ፤ ለእንግዳ የሰጡትን መልሶ መውሰድም ቀላል ነው፤ እንግዳ ድምፅ አይሰጥማ! ስለዚህ የዛሬውን ጥቅም ብቻ አይታችሁ ያላችሁን ሁሉ አትሽጡ።

«ባልና ሚስት ነን፣ ንብረቱ በራሱ ለቀረው ያልፋል»

እኔን ያስደነገጠኝ ይሄኛው ነው። ልጅ ከሌለ ቀላል ይመስላል አይደል? በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2014 ወዲህ ኑዛዜ ሳይኖር አንዱ ቢሞትና ልጅ ባይኖር የትዳር ጓደኛ ሁሉንም ይወርሳል። ባሕሩን ተሻግራችሁ ፈረንሳይ ስትገቡ ግን የሟች እናትና አባት በሕይወት ካሉ እያንዳንዳቸው ሩብ ይወስዳሉ፤ የቀረው ግማሽ ነው የትዳር ጓደኛ ድርሻ። በሌሎች አገሮች ደግሞ ወንድምና እህት ይገባሉ። የኖራችሁበት ቤት ላይ ለአሥር ዓመት ያላያችሁት የባል ወንድም ድርሻ ሲኖረው ይታያችሁ።

ከእ.ኤ.አ. ነሐሴ 17 ቀን 2015 ጀምሮ በአብዛኞቹ የአውሮፓ ኅብረት አገሮች በውርስ ላይ የሚሠራው ሟቹ በመጨረሻ ይኖርበት የነበረው አገር ሕግ ነው። ሰውየው በኑዛዜው «የዜግነቴ አገር ሕግ ይሥራ» ብሎ ከመረጠ ግን ምርጫው ይከበራል። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው ልዩነቱ። ቤት ብትቀይሩ ኑዛዜያችሁን በአዲሱ አገር ጠበቃ አስነብቡ።

የሕክምና ውክልናም እንዲሁ። ራሳችሁን ስታችሁ ብትተኙ ማን ይወስን? የትዳር ጓደኛ፣ እሺ። እሱም አጠገባችሁ ተኝቶ ከሆነስ? አንድ መኪና ውስጥ ነው አብዛኛውን ጊዜ የምንሄደው። ከሁለታችሁ በኋላ የሦስተኛ ሰው ስም ያስፈልጋል። ያ ሰው ከእናንተ ወጣት ቢሆን ይመረጣል። የእኛ የዕድሜ እኩዮች ሁላችንም አብረን ነው የምናረጀው።

«ጥሩ ሆስፒታል በቅርብ አለ ይላሉ»

«በቅርብ» ስንት ደቂቃ ነው? ስትሮክ ሲመታ በየደቂቃው 1.9 ሚሊዮን ያህል የአንጎል ሴሎች ይሞታሉ። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ያውም የአንጎል ራጅ (ሲቲ ስካን) ተነስቶ፣ ደም መፍሰስ አለመሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ። ስለዚህ የሚጠየቀው ሆስፒታሉ መኖሩ ብቻ አይደለም። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ሲቲ ስካን የሚያነሳና የሚያነብ ሰው አለ ወይ? አምቡላንስ በስንት ደቂቃ ይደርሳል?

«መኪና አለን» የሚል መልስም አይበቃም። በአሜሪካ የተደረገ ጥናት ሴቶች መንዳት ካቆሙ በኋላ ወደ 10 ዓመት ያህል እንደሚኖሩ አሳይቷል። መኪናው ሲቆም በእግርና በአውቶቡስ የሚደረስበት ነገር ከሌለ፣ ያ ውብ ገጠር እስር ቤት ነው።

«ጓደኛ የትም ይገኛል»

ይገኛል፤ ግን ጊዜ ይበላል። ጄፍሪ ሆል የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2018 እንዳሳየው ከትውውቅ ወደ ቀላል ጓደኝነት ለመድረስ 50 ሰዓት ያህል አብሮ ማሳለፍ ይጠይቃል። የቅርብ ወዳጅ ለመሆን ከ200 ሰዓት በላይ ነው። በሳምንት ሁለት ሰዓት ከተገናኛችሁ ሁለት ዓመት ማለት ነው። ልጅ ያላቸው ሰዎች በትምህርት ቤት በር ላይ ሳያስቡት ይተዋወቃሉ። እኛ ያን በር የለንም። ጡረታ ሲመጣ የሥራ ቦታውም በር ይዘጋል።

ነገሩ ደግሞ የመዝናኛ ጉዳይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ 148 ጥናቶችን ያጠቃለለ ሥራ ጠንካራ ማኅበራዊ ግንኙነት ያላቸው ሰዎች በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው በ50 በመቶ ከፍ እንደሚል አሳይቷል። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚባለው ለካ ሐኪምም የሚያዘው ነው።

እዚህ ላይ ጥንዶች የሚወድቁበት ወጥመድ አለ፤ እኛም ልንወድቅበት ነበር። «እርስ በርሳችን እንበቃለን» እንላለን። እንበቃለንም፤ አንዱ እስኪጎድል ድረስ። አንዱ ተጫዋች፣ ሌላው ዝምተኛ ከሆነ ደግሞ ተጫዋቹ ሲሄድ ጓደኞቹም አብረው ይሄዳሉ። በእኛ ቤት ዝምተኛው ባለቤቴ ነው። ስለዚህ አዲስ ቦታ ስንሄድ እሱ ብቻውን የሚሄድበት አንድ ነገር ይኑረው ብለን ተስማምተናል። ቼዝ መርጧል።

ቋንቋም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። የማስታወስ ችግር ሲመጣ በኋላ የተለመደ ቋንቋ ቀድሞ ሊጠፋ፣ የእናት ቋንቋ ብቻ ሊቀር ይችላል። ያኔ የሚንከባከባችሁ ሰው የምትሉትን ይሰማችኋል?

«ቶሎ ገዝቶ መረጋጋት ይሻላል»

ሆምስና ሬይ የተባሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጡት የጭንቀት መለኪያ ጡረታ 45 ነጥብ፣ የኑሮ ሁኔታ ለውጥ 25፣ የመኖሪያ ቦታ ለውጥ 20 ነጥብ አለው። ሦስቱን በአንድ ወር ደራርቦ በላዩ ላይ ቤት መግዛት ለምን አስፈለገ? መጀመሪያ ተከራዩ፤ ያውም በቦታው መጥፎ ወቅት። ቱሪስቱ ሲሄድና ግማሹ ሱቅ ሲዘጋ ማየት ነው።

እኛ በቅርቡ አንድ ቦታ ሁለት ሳምንት ተከራይተን ነበር። ከአየሩ እስከ ሆስፒታሉ ሁሉም ተሟልቷል። በሦስተኛው ቀን ባለቤቴ መኪናውን ትቶ በእግሩ መድኃኒት ቤት ሄደ። የ80 ዓመት ሰው እንደሚሄደው፣ ቀስ ብሎ። ሲመለስ ጫማውን እያወለቀ «መንገዱ ላይ አንድም መቀመጫ የለም» አለኝ። ማታ ካርታውን አውጥተን ሰረዝነው።