«ኧረ እኔ እርጉዝ አይደለሁም!»፦ ስለ ነርቭ ማደንዘዣ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ባጃጅ ተገልብጦበት ክንዱ የተሰበረ የደሴ ሰው ነው። ለቀዶ ሕክምናው ሳላስተኛው እጁን ብቻ ላደነዝዝለት አልትራሳውንዱን ይዤ ወደ አንገቱ ስጠጋ «ኧረ እኔ እርጉዝ አይደለሁም!» አለኝ። ሳቅን። ግን ወሎ ውስጥ እንዲህ የሚያስበው እሱ ብቻ አይደለም።

«አልትራሳውንድ ጽንስ ማያ ነው።»
ነርቭም ያሳያል። ከአንገት ሥር ስናሳርፈው ስክሪኑ ላይ ትር ትር የሚል ጥቁር ክብ ይታያል፤ የደም ሥር ነው። አጠገቡ የወይን ዘለላ የሚመስሉት ደግሞ ወደ እጅ የሚወርዱት ነርቮች ናቸው። ማደንዘዣውን የምንሰጠው እነሱ ዙሪያ ነው። ጨረር የለውም፤ የሚሠራው በድምፅ ሞገድ ነው።

«ካላስተኙኝ ያመኛል።»
መነካካቱና መጎተቱ ሊሰማ ይችላል። ሕመም ግን ሊሰማ አይገባም። ስለዚህ ቀዶ ሕክምናው ሳይጀመር በአልኮል የራሰ ጥጥ ቆዳውን እንነካለን፤ ቅዝቃዜው ካልተሰማ መድኃኒቱ ይዟል። ካልያዘ እንጨምራለን፣ ወይም እናስተኛለን። ቁርስ በልታችሁ አትምጡ የምንለውም ለዚህ ነው።

«ማሽኑ ካለ አደጋ የለም።»
ይሄንን ከባለሙያም እሰማለሁ፤ የሚያናድደኝም እሱ ነው። ማሽኑ በአንድ ጊዜ የሚያየው እንደ ወረቀት የሳሳ ቦታ ነው። መርፌው ከዚያ ትንሽ ዞር ካለ ጫፉ ይጠፋል። የምናየው ወገቡን ሆኖ ሳለ ጫፉ ነው ብለን እንሸወዳለን። እዚያው ሥር ደግሞ ሳንባ አለ። ጫፉ ካልታየ እጅ ይቆማል፤ ሌላ መላ የለውም። መድኃኒቱም ጥቂት በጥቂት ነው የሚገባው፣ በየመሃሉ ሲሪንጁን ወደ ኋላ ስበን ደም አለመኖሩን እያየን። ደም ሥር ውስጥ ከገባ ከንፈር ይደነዝዛል፣ ጆሮ ይጮኻል፤ ሲብስ ያንቀጠቅጣል፣ ልብም ሊያቆም ይችላል። አልትራሳውንድ ይህን አደጋ ቀነሰው እንጂ አላጠፋውም። ታካሚውን የማዋራው ለጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ እነዚህን ምልክቶች ቶሎ እንዲነግረኝም ነው።

«ሽባ ያደርጋል።»
ዘላቂ ጉዳት የሚደርሰው ከስንት አንዴ ነው። እጁ ግን ለሰዓታት ይዝላል። ቡና ሲፈላ ከከሰሉ ራቅ ማለት ነው፤ ቢያቃጥልም አይሰማም።

ሰውየው ማታ ደወለ። «እጄ የሰው እጅ ሆነብኝ» አለ። «አብሽር፣ ይመለሳል» አልኩት። ሌሊት ተመለሰ፤ ሕመሙም አብሮ መጣ። ማስታገሻውን ድንዛዜው ሳይለቀው ቀድሞ መዋጥ ነበረበት። እሱን ሳልነግረው ነው ስልኩን የዘጋሁት።