ስለ ፓርክ ስካውቶች መሃል አዲስ አበባ ላይ የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ፒያሳ ማኪያቶ ላይም ሆነ ከሜክሲኮ አራት ኪሎ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ የብሔራዊ ፓርክ ወሬ ከተነሳ የሚወራው ስለ እንስሳቱ ነው። ዋልያ ስንት ቀረ፣ ነጭ ሳር ውስጥ አንበሳ አለ ወይስ የለም። የሚጠብቋቸው ሰዎች፣ ማለትም ስካውቶቹ፣ የሚነሱት አልፎ አልፎ ነው፤ ሲነሱም ወይ እንደ ዘበኛ ወይ እንደ ጦር ሠራዊት ይቆጠራሉ። ይህ ያሳስበኛል። የፓርኮቹ በጀት የሚጸድቀው፣ አዋጁ የሚወጣው፣ የተጓዦች አውቶብስም በብዛት የሚነሳው ከዚሁ ከተማ ነውና እዚህ የሚታመነው ነገር ተራራው ላይ ያለውን ሰው ይነካዋል።

«ስካውት ማለት ጠብመንጃ የያዘ ዘበኛ ነው»

የሕንፃ ዘበኛ የሚጠብቀው በር አለው፤ ፓርክ አጥርም የለው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ስፋቱ ከ2,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ አዲስ አበባን ከነክፍለ ከተሞቿ አራት እጥፍ ያህል ማለት ነው። ስካውቶች በሶና ዱቄታቸውን ተሸክመው ለቀናት ቅኝት ይወጣሉ፣ በየጥበቃ ካምፑ ያድራሉ፣ በየመንገዱ ያዩትን ይመዘግባሉ፦ የእንስሳ ዱካ፣ አዲስ የተቆረጠ ዛፍ፣ ትናንት ያልነበረ ጎጆ፣ የገባ ከብት ብዛት፣ ቦታው በጂፒኤስ።

ወጥመድ ፍለጋውን ብቻ እንይ። አዳኝ የሚጠቀመው ተራ ሽቦ ነው። አንዱን ጫፍ ከዛፍ ግንድ ጋር ያስርና ሌላውን ተንሸራታች ቋጠሮ አድርጎ፣ እንስሳው ወደ ውኃ በሚወርድባት ጠባብ መንገድ ላይ በአንገት ልክ ይሰቅለዋል። ሽቦው ሲዝግ የቁጥቋጦውን ቀለም ይይዛል፤ ሁለት እርምጃ ላይ ቆሞም ላይታይ ይችላል። ልምድ ያለው ስካውት የሚያስቆመው ሌላ ምልክት ነው፤ ሣሩ አንድ ቦታ ላይ ከመጠን በላይ ተረግጦ፣ ቅርንጫፍ ያለቦታው ታጥፎ ያያል። ካገኘውም በኋላ ነቅሎ መጣል ብቻ አይበቃም። ፎቶ ይነሳል፣ ቦታው ይመዘገባል፣ አንዳንዴም ባለቤቱ ተመልሶ እስኪመጣ አድፍጦ መጠበቅ አለ።

«የስካውቱ ዋና ጠላት አዳኝ ነው»

አዳኝ አለ፣ አደገኛም ነው። የስካውቱን ቀን በብዛት የሚወስደው ግን ከብት፣ ማገዶ፣ ከሰልና እርሻ ነው። አዋሽ ላይ ዝናብ ሲጠፋ ከረዩ፣ ኢቱና አፋር አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን ይዘው ወደ ፓርኩ ሣርና ወደ ወንዙ ይጠጋሉ። የስሜን ተራሮች ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ሲገባ ከምክንያቶቹ መካከል የሰፈራና የእርሻ መስፋፋት ነበሩ፤ ልቅ ግጦሽም ሲያስጨንቀው ኖሯል። ከመዝገቡ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ሲሆን፣ ከዚያ ቀደም ብሎ የግጭ መንደር ነዋሪዎች ቀያቸውን ለቀው ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል።

እንግዲህ ስካውቱ ብዙ ጊዜ የዚያው አካባቢ ልጅ ነው። የገቡት ከብቶች የአጎቱ ሊሆኑ ይችላሉ፤ እረኛው አብሮት ያደገ ይሆናል። ዛሬ ያሰረውን ሰው ነገ ለቅሶ ቤት ያገኘዋል። «ለምን ዝም ብለው አያባርሯቸውም?» የሚል ጥያቄ እዚህ ሲነሳ የሚዘነጋው ይህ ነው። በጉልበት የተባረረ ከብት በሌላ በኩል፣ ያውም በሌሊት ተመልሶ ይገባል፤ ያን ጊዜ ደግሞ እረኛውም ይታጠቃል። ስለዚህ ነገሩ በሽማግሌ፣ በኦሮሞው አካባቢ በአባ ገዳ ይያዛል። በየት በኩል ይውጡ፣ እስከ መቼ፣ ውኃ የት ይጠጡ ተብሎ ይነጋገራሉ። ስምምነቱ ሁልጊዜ ይከበራል አልልም። ቢሆንም በእኔ እምነት ከስካውት ሙያ ሁሉ ከባዱ ይህ ነው፤ በዩኒፎርም ሆኖ ዘመድን «እዚህ ጋ ይበቃል» ማለት፣ ብሎም በዚያው መንደር መኖር።

«አዳኝ ካዩ ይተኩሳሉ»

ጠብመንጃው ሕይወት ለመከላከል ነው። ስካውት ፈራጅ አይደለም፤ እጅ ከፍንጅ የያዘውን ሰው ለፖሊስ ያስረክባል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት ይደነግጋል፤ ከተያዘበት ቦታ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚያስፈልገው ተገቢ ጊዜ በዚህ ውስጥ አይቆጠርም። ልደታ ፍርድ ቤት በታክሲ ለምንደርስ ሰዎች የመጨረሻዋ ሐረግ ቀላል ትመስላለች። ከጥበቃ ካምፕ እስከ ወረዳ ከተማ ተጠርጣሪ እያጀበ በእግሩ ለሚሄድ ስካውት ግን ቀኑን ሙሉ የሚወስድ ሥራ ነች።

ማስረጃውም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። ሥጋው፣ ቆዳው፣ ቀለሁ፣ ቢላዋው ባሉበት ፎቶ ሳይነሱ ከተነካኩ ክሱ ይላላል። ከዚያ ስካውቱ ምስክር ሆኖ ይቀርባል፣ ቀጠሮ ሲራዘም ደግሞ ይመለሳል፤ በዚያ ቀን ቅኝቱ በአንድ ሰው ጎደለ ማለት ነው። የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያስቀመጠው ቅጣት ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራት፣ ወይም ከ5,000 እስከ 30,000 ብር መቀጮ፣ ወይም ሁለቱም ነው። ዛሬ 5,000 ብር ምን እንደሚገዛ አስቤዛ የሸመተ ሁሉ ያውቀዋል። ለደሃ እረኛ ከባድ ነው፤ በዝሆን ጥርስ ለሚነግድ ግን ምንም አይደለም።

«እሳት ሲነሳ ሄሊኮፕተር መጥቶ ያጠፋዋል»

ይህ እምነት የተተከለው በ2011 ዓ.ም. ይመስለኛል። ያን ዓመት መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ስሜን ሲቃጠል ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጡ፤ ሁላችንም በዜና አየነው። ያላየነው፣ ከዚያ በፊት ገደሉ ላይ ሲሟሟቱ የሰነበቱትን ስካውቶችና ገበሬዎች ነው።

ተራራ ላይ እሳት የሚጠፋው ባብዛኛው ያለ ውኃ ነው። እርጥብ የአስታ ቅርንጫፍ ቆርጦ መምታት፣ በአካፋ አፈር መበተን፣ ከእሳቱ ፊት ቀድሞ ሣሩን እስከ አፈሩ ገፎ መስመር ማውጣት። እሳት ዳገት ሲወጣ ይፈጥናል፤ ስለዚህ ከበላዩ የቆመ ሰው ማምለጫ የለውም። ነፋሱ ጋብ በሚልበት ሌሊትና ንጋት ላይ ይረባረባሉ፣ ፀሐይ ሲበረታ ደግሞ ያፈገፍጋሉ። ጠፋ ከተባለም በኋላ ከሥር ይጨሳል፤ የጓሳ ሣሩ ሥርና የደረቀው አፈር ፍም ይዞ ቆይቶ ነፋስ ሲያገኝ እንደገና ይነሳል። በዚህ የተነሳ ቀናት ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል። መነሻው ምንድን ነው ቢሉ፣ አንዳንዱ ማር ለመቁረጥ ከተለኮሰ ጭስ፣ አንዳንዱ አዲስ ሣር እንዲበቅል ተብሎ ሆን ተብሎ የተለቀቀ፣ አንዳንዱም ሰው ጥሎት ከሄደው ምድጃ ነው። ካምፕ ያደራችሁ ሁሉ ፍሙን በአፈር ሳትቀብሩ አትነሱ።

«እኛ ደገኞች ነን፣ ተራራ አያመንም»

አዲስ አበቤ ከባሕር ዳርቻ ከሚመጣ ፈረንጅ ይሻላል፤ ይህ እውነት ነው። ሆኖም መሃል ከተማው 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ የስሜኑ ጭነቅ ካምፕ 3,600 ሜትርን ያልፋል፣ የባሌው ሳነቴ አምባ 4,000 ገደማ ነው፣ እዚያው ባሌ ያለው የቱሉ ዲምቱ ጫፍ ደግሞ 4,377። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በመኪና እዚያ የሚያድር ሰው ሰውነቱ ጊዜ አላገኘም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ ማጣት ይጀምራል። ሰውየው እንደ ሰከረ ከተንገዳገደ፣ ነገር ከተምታታበት ወይም ተቀምጦም ትንፋሽ ካጠረው፣ መድኃኒቱ መውረድ ነው፤ ያውም ሳይነጋ። ስካውቶች በበቅሎ፣ በቅሎ ከሌለ በቃሬዛ ያወርዱታል፤ ስሜን ላይ ከሆነ ከመኪና መንገድ ሲደርሱ ወደ ደባርቅ፣ ከባሰም ወደ ጎንደር። ይህንን ሁሉ ጨለማና ብርድ ውስጥ የሚያስከትለው ብዙ ጊዜ ራስ ምታቱን አፍሮ የደበቀ ጎበዝ ወጣት ነው። ለስካውቱ በጊዜ ንገሩት፤ የሚንቃችሁ የለም።

«አብሮን የሚሄደው ስካውት የፓርኩ ተቀጣሪ ነው»

ስሜን ላይ ጎብኚን የሚያጅበው ታጣቂ አብዛኛውን ጊዜ በተራው የሚሠራ የአካባቢው ነዋሪ ነው። ቋሚዎቹ ስካውቶች በቅኝት ላይ ናቸው። ክፍያውንና ጉርሻውን ስታስቡ ይህን እወቁ፤ ያ ገንዘብ ፓርኩ ቢጠፋ የሚቀርበት ቤተሰብ ጋ ይደርሳል።

«በሽታ የእንስሳት ሐኪም ጉዳይ ነው»

ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም፤ በአጠቃላይ ከ500 ገደማ አይበልጡም፣ ከግማሽ በላዮቹም ባሌ ናቸው። የእብድ ውሻ በሽታ ከመንደር ውሾች ተሻግሮ በተደጋጋሚ ፈጅቷቸዋል። ሐኪሙ ከመምጣቱ በፊት የሞተውን ቀበሮ የሚያገኘው ቅኝት ላይ ያለ ሰው ነው። በባዶ እጁ ሳይነካ ቦታውን መዝግቦ ወዲያው ካሳወቀ፣ ናሙና ተወስዶ በዙሪያው ያሉ ቀበሮዎችና ውሾች ሊከተቡ ይችላሉ። ሬሳው በጅብና በአሞራ ከተበላ ግን የሞተበት ምክንያት ሳይታወቅ ቀናት ያልፋሉ፤ በሽታው እስከዚያ ይዛመታል።

«የዱር እንስሳት ሕግ ከተማ አይገባም»

በመጋቢት 2007 ዓ.ም. ከ6 ቶን በላይ የዝሆን ጥርስ የተቃጠለው እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ለዓመታት ከሕገወጥ አዘዋዋሪዎች እጅ የተያዘ ክምችት ነበር፤ ቦሌ የአፍሪካ መተላለፊያ እንደመሆኑ የሌላ አገር ዝሆን ጥርስም ያልፍበታል። ቸርችል ጎዳና ላይ ላሉት የስጦታ ዕቃ መደብሮች ጎራ የሚል ሰው የነብር ቆዳ ወይም የዝሆን ጥርስ አምባር ከቀረበለት፣ ዕቃው የጀመረው አንድ ስካውት ባልደረሰበት ጫካ መሆኑን ይወቅ።

ከሁሉ የሚከፋው በደግነት የሚደረገው ነው። አንድ ሰው የአቦሸማኔ ግልገል ወይም የጦጣ ልጅ በገመድ ታስሮ ሲሸጥ ያያል፣ ያዝናል፣ «ላድነው» ብሎ ይገዛል። ሻጩ በዚያ ገንዘብ ሌላ ግልገል ያስመጣል። ለግልገሉ ሲባል እናቲቱ ተገድላ ሊሆን ይችላል። የተያዙ እንስሳት የሚያገግሙበት ሆለታ አጠገብ እንሰሳ ኮቴ የሚባል ማዕከል አለ፤ ሰው ያሳደገው አቦሸማኔ ግን ማደን ከእናቱ ስላልተማረ ወደ ዱር መመለሱ እጅግ ከባድ ነው። ስለዚህ አትግዙ፤ ከሻጩም ጋር አትጣሉ። ቦታውን፣ ሰዓቱን፣ መኪና ካለ ሰሌዳውን ያዙና ቅርብ ላለው ፖሊስ ወይም ለዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን በዚያው ቀን አሳውቁ። ግልገል በአንድ ሌሊት ከከተማ ይወጣል።