«ከመቅደላ የቀረ ነው» የሚባለው መስፍ

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ አሮጌ የእንግሊዝ መስፍ፣ ማለትም ብረት ተቀምጦ የሚቀጠቀጥበት የአንጥረኛ ብረት፣ ለሽያጭ ሲወጣ ሁልጊዜ አንድ ወሬ ይከተለዋል፦ «ጋፋት ላይ ለአጼ ቴዎድሮስ የሠራ፣ ከመቅደላ የቀረ ነው።» ጋፋት የአጼው መድፎች የተሠሩበት ቦታ ነው። ማስረጃ ሲጠየቅ ሻጩ ጎኑ ላይ የተመታውን ቁጥር ያሳያል። ይህ ሰውን ያለ አግባብ ገንዘብ ያስወጣልና ይብቃ። ቁጥሩ ዓመተ ምሕረት አይደለም፤ ኪሎም አይደለም። ክብደት ነው፤ የሚነበበውም በድሮው የእንግሊዝ ሚዛን ነው።

ለምሳሌ 1·2·10 ቢል፣ የመጀመሪያው በ112፣ ሁለተኛው በ28 ይባዛል፤ ሦስተኛው እንዳለ ይደመራል። 112 እና 56 እና 10 ሲደመር 178 ፓውንድ፣ ማለትም 81 ኪሎ ገደማ ይሆናል። በእህል ሚዛን አስመዝኑትና አስተያዩ። መካከለኛው ከ3፣ የመጨረሻው ከ27 ካለፈ በዚህ ስሌት አይነበብም፤ ብዙዎቹ የአሜሪካ መስፎች ክብደታቸው የሚጻፈው በፓውንድ ብቻ ነው።

ዘመኑን ከፈለጋችሁ ፊደሉን አንብቡ። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ጥረጉ፣ ጠመኔ እሹበት፣ ማታ ባትሪ ከጎን አጋድማችሁ አብሩበት፤ የጠፋ የመሰለው ፊደል ይወጣል። የአገሩ ስም «ኢንግላንድ» ተብሎ ከተመታበት የመቅደላው ወሬ ወደቀ፦ ይህ ጽሑፍ የተለመደው አሜሪካ በ1890 እ.ኤ.አ. ከውጭ የሚገባ ዕቃ የተሠራበት አገር እንዲጻፍበት የሚያዝ ሕግ ካወጣች በኋላ ነው፤ መቅደላ የተያዘችው ደግሞ በ1868 እ.ኤ.አ. ነው። ጽሑፉ ባይኖርም የመቅደላ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። የቴዎድሮስ ትልቁ መድፍ ሴባስቶፖል እዚያው መቅደላ ላይ መኖሩም ስለ መስፉ የሚነግረን ነገር የለም።

«ሲመታ ካልጮኸ የማይረባ ነው» የሚሉም አሉ። ፊሸር የተባለው የአሜሪካ መስፍ አካሉ ቀልጦ የፈሰሰ ብረት፣ ፊቱ (መዶሻ የሚያርፍበት የላይኛው ገጽ) አረብ ብረት ስለሆነ ድምፁ የታፈነ ነው፤ ሥራ ላይ ግን ጎበዝ ነው። ከድምፅ ይልቅ የኩሽኔታ ኳስ ከ25 ሳንቲ ሜትር ጣሉበት፤ 17 እና ከዚያ በላይ ከነጠረ ፊቱ ጠንካራ ነው። ያው ኳስ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከሰነፈ፣ ፊቱ እዚያ ጋ ለቆ ወይም ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል።

ወገቡና እግሩ ላይ ያሉት አራት ማዕዘን ቀዳዳዎችም የጥይት አይደሉም፤ ሲቀጠቀጥ በብረት ዘንግ የተያዘባቸው ናቸው።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ፊቱ ይመር ተብሎ በግራይንደር መላጡ ነው። የብዙዎቹ አረብ ብረት አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም፤ ሁለት ጊዜ ከተላጠ ለስላሳው ብረት ይቀርባል፣ መዶሻ ባረፈበት ቁጥርም ይጎደጉዳል።