«አትብላኝ» የሚለውን ካርድ መሸፈን፦ የሲዲ47 አንቲቦዲ ሕክምና

ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ቸርችል ጎዳና ላይ፣ ከትግላችን ሐውልት አጠገብ ነው። ጠዋት በዚያ ያለፈ ሰው አስታማሚዎችን ሳያይ አያልፍም። በአንድ እጃቸው ምሳ ዕቃ፣ በሌላው ትልቅ ኤንቨሎፕ። አንዳንዱ ኤንቨሎፕ ውስጥ ትንሽ የሰም ቁራጭ አለች። ከዕጢው የተቆረጠው ናሙና እሷ ውስጥ ነው። ሰዉ «ብሎክ» ይላታል። በኋላ እመለስባታለሁ።

እዚህ አካባቢ ከሚነሱ ወሬዎች አንዱ «ሁሉንም ካንሰር የሚያጠፋ አንድ መርፌ ተገኘ» የሚለው ነው። ወሬው ከባዶ አልተነሳም። ሲዲ47 የሚባል ፕሮቲንን የሚሸፍን አንቲቦዲ በእርግጥ አለ። ታሪኩ ግን ከወሬው ይረዝማል።

አንቲቦዲ ሰውነታችን ራሱ የሚሠራው፣ ባላ እንጨት የሚመስል ፕሮቲን ነው። ሁለቱ ክንዶቹ ዒላማውን ይይዛሉ፤ ጭራው ተከላካይ ሕዋሳትን ይጠራል። ጆርጅ ኮህለርና ሴዛር ሚልስታይን እ.ኤ.አ. በ1975 አንድ ዓይነት አንቲቦዲ ብቻ በብዛት የሚመረትበትን ዘዴ አገኙ። ስማቸው በ«ማብ» የሚያልቅ መድኃኒቶች የመጡት ከዚያ ወዲህ ነው።

ሲዲ47 ደግሞ ጤነኛ ሕዋሳት የሚይዙት ምልክት ነው። ማክሮፋጅ የሚባለውን በላተኛ ሕዋስ «አትብላኝ» ይለዋል። የሆስፒታል በር አስቡ። ጥበቃው የአስታማሚ ካርድ ያየበትን ያሳልፋል። ካንሰር ካርዱን አባዝቶ ደረቱ ላይ ደርድሮ የሚመጣ ሰው ነው። አንቲቦዲው ካርዱን ይሸፍንበታል። ያኔ ጥበቃው «ና እስቲ ወዲህ» ይለዋል።

የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው የኢርቪንግ ዋይስማን ቡድን ይህን በአይጥ ሞከረ። ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። የጡት፣ የኦቫሪ፣ የአንጀት፣ የፊኛ፣ የአንጎል፣ የጉበትና የፕሮስቴት ዕጢ ከሰው ተወስዶ አይጦች ላይ ተተከለ። አንቲቦዲው የዕጢዎቹን እድገት ገታ፤ አንዳንዱንም አሟሸሸ። ሰባቱም ሐኪሞች ጠጣር ዕጢ ከሚሉት ወገን ናቸው፤ እንደ ደም ካንሰር በደም የሚዞሩ አይደሉም። «ለሁሉም አንድ መድኃኒት» የሚለው ዜና ያን ጊዜ ተሰራጨ። አይጥ የሚለው ቃል ግን መንገድ ላይ ቀረ።

ወደ ሰው ሲመጣ የመጀመሪያው ችግር ደም ነበር። ቀይ የደም ሕዋስ 120 ቀን ገደማ ይኖራል። ሲያረጅ «አትብላኝ» የማለት አቅሙ ይዳከምና ማክሮፋጆች ይበሉታል። አንቲቦዲው የሁሉንም ካርድ ሲሸፍን ያረጁት በአንዴ ይበላሉ። የደም ማነስ ይመጣል። ተመራማሪዎቹ ያገኙት መላ ደስ ይላል። መጀመሪያ በኪሎ 1 ሚሊግራም ብቻ ይሰጣል። ያረጁት ይጠረጋሉ፤ መቅኔ በምትካቸው ወጣቶችን ያመርታል። ወጣቶቹ መድኃኒቱን ይቋቋሙታል። ከዚያ በኋላ መጠኑ በኪሎ እስከ 45 ሚሊግራም ከፍ ማለት ቻለ።

የዚህ አንቲቦዲ ስም ማግሮሊማብ ነው። በ62 ታማሚዎች ላይ የተደረገው የመጀመሪያ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2019 ታተመ። መላው ሠርቷል፤ ዕጢያቸው በግልጽ የቀነሰላቸው ግን ጥቂት ናቸው። ከእነሱ ሁለቱ የኦቫሪና የማህፀን ቱቦ ካንሰር የነበረባቸው ሴቶች ናቸው። ጊልያድ የተባለው ኩባንያ ግን ተስፋውን አምኖ በ2020 የመድኃኒቱን ባለቤት ድርጅት በ4.9 ቢሊዮን ዶላር ገዛ። ብዙም አልቆየ፤ በደም ካንሰር ላይ የተጀመሩት ትልልቅ ሙከራዎች በ2023 እና በ2024 ተቋረጡ። ታማሚዎቹን አልጠቀመም።

ለምን? ካርድ መሸፈን ብቻውን አይበቃም። ማክሮፋጁ «ብላኝ» የሚል ምልክትም ይፈልጋል። ሲዲ47 ደግሞ በየጤነኛው ሕዋስ ላይ ስላለ ብዙው መድኃኒት ዕጢው ጋ ሳይደርስ እዚያው ተውጦ ይቀራል። ጠጣር ዕጢም እንደ ስሙ ነው። አንቲቦዲ ከተራ ክኒን መድኃኒት በመቶዎች እጥፍ የሚከብድ ሞለኪውል ስለሆነ ወደ መሃሉ እንደልቡ አይገባም።

ስለዚህ አሁን የተሻለው መንገድ ማጣመር ይመስለኛል። ኢቮርፓሴፕት የተባለ ሌላ ሲዲ47 ሸፋኝ በጨጓራ ካንሰር ላይ ትራስቱዙማብ ከሚባል የቆየ አንቲቦዲ ጋር ሲሞከር ቆይቷል። አንዱ ካርዱን ይሸፍናል፤ ሌላው በጭራው በላተኛውን ይጠራል።

ትራስቱዙማብ ራሱ ሙከራ ላይ ያለ አይደለም። አሜሪካ ለጡት ካንሰር የፈቀደችው እ.ኤ.አ. በ1998 ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር አስገብቶታል። ብዙ ጊዜ በየሦስት ሳምንቱ በደም ሥር ይሰጣል፤ ልብን ሊያደክም ስለሚችል በየጊዜው የልብ አልትራሳውንድ ያስፈልጋል። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ውስጥ መቀመጥ አለበት። መብራት ጠፍቶ ፍሪጁ ሲሞቅ ይበላሻል፤ ፍሪዘር ገብቶ በረዶ ቢሠራም ያው ነው።

የሲዲ47 አንቲቦዲ ግን መድኃኒት ቤት አይሸጥም። የሚሰጠው በሙከራ ለሚሳተፉ ብቻ ነው። ቴሌግራም ላይ «አለኝ» የሚል ካጋጠማችሁ ዋጋውን እንኳ አትጠይቁት።

ሐኪሙ ሊጠየቅ የሚገባው ሌላ ነገር ነው፦ «ኸር-2 ተሠርቷል ወይ?» ኸር-2 ትራስቱዙማብ የሚይዘው ፕሮቲን ነው። ከ100 የጡት ካንሰሮች ከ15 እስከ 20 የሚሆኑት ይህ ፕሮቲን በዝቶባቸዋል፤ ትራስቱዙማብ በጡት ካንሰር የሚታዘዘውም በዋናነት ለእነሱ ነው። ምርመራው ናሙናውን በሥሡ ቆርጦ ማቅለም ነው። ውጤቱ ከ0 እስከ 3 ፕላስ ይጻፋል። 3 ፕላስ ከሆነ በዝቷል ማለት ነው፤ 2 ፕላስ ከሆነ ተጨማሪ ምርመራ ይታዘዛል። ለዚያም የምትፈለገው ኤንቨሎፑ ውስጥ ያለችው ብሎክ ናት። አትጣሏት፤ ፀሐይ ላይም አታስቀምጧት፣ ሰም ናት።